ነጋዴ የተባልንበት ገበያ

 

 የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት ስለ አካባቢያችን ሙስሊሞች ታሪክ እንድጽፍ ሲያዘኝ፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት የሸኾችንና የኪታብ ቤቶችን ታሪክ መሆኑን አላጣሁትም። እርሱ ራሱን ችሎ መጻፍ ያለበት ነው። እኔ ግን ዛሬ ይዤያችሁ የምሄደው ወደ ገበያ ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመትና ከዚያም ቀደም ብሎ ወደ ነበረው ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ገበያ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በሰሜንና በወገራ በዱሮ ሰዎች አነጋገር «እገሌ ነጋዴ ነው» ሲባል ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው ማለት ብቻ አልነበረም። «ሙስሊም ነው» ማለት ነበር። ሸማኔውም ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊውም ነጋዴ፣ ቁርኣን የሚቀራው ደረሳም ነጋዴ፣ በዕድሜው አንድ ቁና እህል ሸጦ የማያውቀውም ነጋዴ ይባል ነበር። አንድ ሕዝብ በሃይማኖቱ ስም መጠራቱ ቀርቶ በሥራው ስም ከተጠራ፣ ሥራውን ሳይመረምሩ ታሪኩን አውቃለሁ ማለት አይቻልም። ለዚህም ነው የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 ስለ ነበሩት የበጌምድር ከተሞች ሲያጠኑ ንግድንና እስልምናን ሳይነጣጥሉ በአንድ ርእስ ሥር የጻፉት።

ለመሆኑ ነጋዴ የሆነው ወዶ ነውን? ይህን ጥያቄ ወጣቶቻችን ሲያነሱ እሰማለሁ። መልሱ ከመሬት ይጀምራል። በሰሜን ኢትዮጵያ መሬት ርስት ነበር፤ ርስትም ከአባት ወደ ልጅ በትውልድ ሐረግ የሚወርድ የክርስቲያኑ ገበሬ መብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በጎንደር ከተማ ከቀሐ ወንዝ አጠገብ በዝቅተኛው ቦታ የነበረው «እስላም ቤት» የተባለው ሰፈር፣ ኋላ አዲስ ዓለም የተባለው፣ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ርስት የሌለው ሰው ሊያርስ ቢፈልግ ከባለ ርስቱ ላይ መሬት ይዞ ከምርቱ እያካፈለ ነበር። አለዚያ ሸማ ይሠራል፤ አለዚያ አህያውን ጭኖ መንገድ ይገባል። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» ይባል የነበረውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። አባባሉ ያማል፤ ነገር ግን በዘመኑ የነበረውን የመሬት ሕግ በአጭሩ የሚናገር መሆኑ አይካድም።

ይህን ስል ሙስሊም ሁሉ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ይነግድ ነበር ማለቴ አይደለም። በሰሜን ተራራ ላይ ግጭ የምትባለው መንደር ነዋሪዎቿ ሙስሊሞች ሆነው ገብስ የሚዘሩ፣ በግና ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች ነበሩ። በብርዱና በከፍታው ከሌላው ደጋ የማይተናነስ ቦታ ነው። ታሪካችን አንድ መልክ ብቻ ያለው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው፤ ወደ ግጭ ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ገበያው ወደ ቆመበት ቦታ እንሂድ። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄደው የሲራራ መንገድ ወገራን አቋርጦ በዳባት አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ በኋላ መሬቱ ያልቃል ማለት ይቻላል፤ ሊማሊሞ ገደል ነውና። ከዚያ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ፣ ከዚያም ወደ ተከዜ ቆላ ተወርዶ በሽሬና በዐድዋ በኩል ወደ ምጽዋ ይኬዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ይህንኑ ገደል ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲሄድ በሊማሊሞ ላይ ከነጋዴዎች ቀረጥ ይሰበሰብ እንደ ነበር ጽፏል፤ ወገራንም የጎንደር የእህል ጎተራ ብሎታል። ጎንደር ሲደርስ ያረፈውም በእስላም ቤት፣ በሙስሊሞቹ አለቃ በነጋድራስ ሙሐመድ አቀባበል ነበር። እንግዲህ አንድ የውጭ አገር ሰው ከቤተ መንግሥቱ አስቀድሞ የሚያገኘው ነጋዴውን እንደ ነበር ልብ በሉ።

ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ደጋው ይቀጥልና ጃን አሞራና በየዳ ይመጣሉ። በየዳ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ሥር ያለ አገር ነው። ጤፍ አይበቅልበትም፤ ጥጥ አይታሰብም፤ በርበሬም እንደዚሁ። ያለው ገብስ፣ በግ፣ የበግ ፀጉር፣ ፈረስና በቅሎ ነው። ቆላው ደግሞ ጥጡ፣ ማሩ፣ በርበሬው ሞልቶለት የደጋ ገብስና የደጋ ከብት ያስፈልገዋል። ደባርቅ በእነዚህ በሁለቱ መካከል በገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ገበያ ለመሆን ሌላ ምን ያስፈልጋታል?

ነገር ግን ሃያኛው መቶ ዓመት ሲገባ ይህ አገር ከባድ ጉዳት ደርሶበት እንደ ነበር መዘንጋት የለብንም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሙ ክርስትና እንዲነሣ ዐወጁ። ብዙ ነጋዴዎች ሃይማኖታችንን አንለቅም ብለው ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በጥር 1880 ዓ.ም. የማህዲ ሠራዊት ጎንደርን ወርሮ አቃጠለ። በዚያው ዘመን ጣሊያን ለጦሩ ባስመጣው ከብት ጋር በምጽዋ በኩል ገባ የሚባለው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አገሩን ጨረሰው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ስለዚህ ነው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ ሞተ ተብሎ ይገመታል። በሬ ያለቀበት ገበሬ በእጁ እየቆፈረ ለመዝራት ሞከረ፤ ያልቻለው ተሰደደ፣ ያልተሰደደው በረሃብ ሞተ።

ከክፉ ቀን በኋላ የቆመው ገበያ፣ እኛ የምንነጋገርበት ገበያ፣ ስለዚህ በመጀመሪያ ደረጃ ከብት እንደገና የሚተካበት ገበያ ነበር። በስደት የነበሩትም ነጋዴዎች ከዐፄ ዮሐንስ ሞት በኋላ፣ በተለይም በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ወደየቦታቸው ሲመለሱ ያገኙት ሕዝብ ከሁሉ አስቀድሞ በሬ የሚፈልግ ሕዝብ ነበር።

ከዕቃዎቹ ልጀምር፤ እነርሱን ፈጠን ብዬ አልፋለሁ፣ ከብቱ ላይ ግን እቆያለሁ።

የገበያው ንጉሥ አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ እንደ መሳያ ድንጋይ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ይበላል፤ ይመነዘራል። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፤ የነጋዴው ትርፍም ያለው በዚሁ ርቀት ውስጥ ነው። ጫፉ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይቀንሳል፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ስለዚህ በክረምት አሞሌ ይዞ መንገድ የገባ ሰው ገንዘቡ ከእጁ እየፈሰሰ ሲሄድ ያያል። ለትልልቅ ግዢ ግን ጠገራ ብር ነበር፤ የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ በየትኛውም ዓመት ቢሠራ 1780 የሚል ቁጥር የሚታተምበት ብር። ገበሬው ምስሉ የተፋቀውን፣ የጌጧ ፈርጥ በግልጽ የማይታየውን ብር አልቀበልም ይል ነበር። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በራሳቸው ምስል ብር ቢያስመቱም ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት የለመደውን አልተወም። በቅሎ በጠገራ ብር፣ በርበሬ በአሞሌ፣ እንቁላል በእህል ይገዛ ነበር።

ከባሕር ማዶ አቡጀዲ፣ መርፌ፣ መስተዋት፣ ዶቃ፣ ክብሪትና ላምባ ይመጣሉ። ወደ ባሕር ማዶ ቡና፣ ሰም፣ ዝባድና ቆዳ ይሄዳሉ። ከቡና ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ላንሣ። ቡና ለረጅም ዘመን «የእስላም መጠጥ» እየተባለ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የተነወረ ነበር። ነጋዴው የሚሸጠውን ራሱ ይጠጣል፣ ጎረቤቱ ግን አይቀምሰውም ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ ተለወጠ፤ ዛሬ በየቤቱ ቡና ሳይፈላ የሚውል ጎረቤት ካለ ንገሩኝ።

የሸማው ነገር ለየት ይላል። ጥጡ ከተከዜና ከወልቃይት ቆላ ይመጣል። ፈትሉን ሴቶች በየቤቱ ይፈትላሉ፤ እዚህ ላይ ሃይማኖት አይለይም፣ የወይዘሮዋም እንዝርት የድሃዋም እንዝርት አንድ ነው። ሽመናው ግን የሙስሊሙና የቤተ እስራኤሉ ነበር። ባለ ፈትሏ ፈትሏን ለሸማኔ ታስረክባለች፤ ሸማኔው ኩታ ወይም ጋቢ አድርጎ መልሶ ይሰጣትና የእጁን ዋጋ ብዙ ጊዜ በእህል ይቀበላል። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን መተማመን አስቡት። ፈትል አይቆጠርም። ሸማኔው ጥቂት ቢያስቀር ማን ያውቃል? የአላህን መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከታች እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ እርጥቡን ከላይ ያላደረገውን ነጋዴ እንዴት እንደ ገሠጹት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዑለማዎች በገበያ ቀን ይህን ታሪክ የሚደጋግሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ማረሻ፣ ማጭድ፣ ድስትና ምጣድ ደግሞ ከቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች እጅ ይመጣ ነበር። እነርሱም እንደ እኛ ርስት የሌላቸው ነበሩ። ገበሬው መሬቱን የሚያርስበትን ብረት የሚያገኘው መሬት ከሌለው ሰው ነበር ማለት ነው። ዛሬ እነርሱ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ታሪካቸው ግን ከእኛው ታሪክ ጋር በአንድ ገበያ ውስጥ ያለ ነው።

አሁን ወደ ከብት ተራው እንለፍ።

በከብት ተራ ትልቁ ሸቀጥ በሬ፣ ውዱ ሸቀጥ ግን በቅሎ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደስታ በሽታ በሬና ላም ይጨርሳል እንጂ የፈረስ ዘርን አይነካም። ፈረስ ደግሞ ወደ ቆላ ሲወርድ በፈረስ በሽታ ይሞታል። በቅሎ ከፈረስ ይልቅ ቆላውን ትችላለች፤ በገደልም ላይ እግሯ አይስትም። ሊማሊሞን ጭነት ይዞ ለመውረድ ከበቅሎና ከአህያ የሚሻል አልነበረም። ከዚህም በላይ ከክፉ ቀን በኋላ ኤርትራ በጣሊያን፣ ሱዳን በእንግሊዝ እጅ ስለ ነበሩ ከሁለቱም ወገን በቅሎ ፈላጊ መጣ። የደጋው ገበሬ አሳድጎ ያወጣትን በቅሎ ነጋዴው ገዝቶ ድንበር ያሻግራታል።

በቅሎ ግን ራሷን አትተካም። ወንድ አህያ ከባዝራ ፈረስ ጋር ተጠቅቶ የሚገኝ ፍጥረት ናት፤ እርሷም መካን ናት። ስለዚህ በቅሎ የሚፈልግ አገር ሁሉ ጥሩ ድንጉላ አህያና ጥሩ ባዝራ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ቤት የሚገኙት ስንት ጊዜ ነው? የአንዱ አህያ ለሌላው ባዝራ መቅረቡ የግድ ነው። እዚህ ላይ ፊቅህ ከገበያ ጋር ይገናኛል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድ እንስሳን ለማስጠቃት ዋጋ መቀበልን መከልከላቸው በሐዲስ የተረጋገጠ ነው፤ ዑለማዎች «ዐስቡል ፈሕል» ይሉታል። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የተሸጠው ነገር አይታወቅም፣ ሻጩም ሊያስረክበው አይችልም፤ ትፀንስ አትፀንስ የአላህ ጉዳይ ነውና ይላሉ። የሐነፊ፣ የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀቦች በዚሁ ከለከሉ። የማሊኪ ሰዎች ግን ጊዜው ወይም ቁጥሩ ከታወቀ እንስሳውን ማከራየት ይቻላል አሉ። ባለ ባዝራው ሳይዋዋሉ በራሱ ፈቃድ ለባለ እንስሳው የሚሰጠው ስጦታ ግን እንደሚፈቀድ ሐዲስ አለ። እንግዲህ አንድ ቁና ገብስ «ዋጋ» ተብሎ ሲሰጥና «ለምስጋና» ተብሎ ሲሰጥ በዓይን አንድ ዓይነት ነው፤ በሸሪዓ ግን የተለያየ ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሙስሊም ይህን ማወቅ ነበረበት።

በነገራችን ላይ፣ አህያን ከፈረስ ጋር ማስጠቃቱንም መልእክተኛው እንዳልወደዱት የሚናገር ሐዲስ አለ፤ ራሳቸው ግን የግብፁ ሙቀውቂስ የላከላቸውን ዱልዱል የተባለች በቅሎ ጋልበዋል። ዑለማዎች በዚህ ብዙ ተነጋግረው አብዛኞቹ የተፈቀደ ነው ብለዋል። በየዳና ደባርቅ ላሉ ሰዎች ባይፈቀድ ኖሮ እንዴት ይሆኑ ነበር እያልኩ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ከዚህ ሌላ በከብት ዙሪያ የሚሸጡ ብዙ የእጅ ሥራዎች ነበሩ። ወይፈን ቀጥቅጦ በሬ የሚያደርግ፣ በግና ፍየል አኮላሽቶ ሙክት የሚያወጣ፣ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን ወጌሻ፣ ያበጠ እግር በጋለ ብረት የሚተኩስ፣ ሁሉም በዋጋው ነው። ኮርቻ ሠሪው፣ ልጓም ሠሪው፣ ጠፍር የሚፍቀው፣ አቆማዳና ስልቻ የሚሰፋው ከነጋዴው ጋር ተያይዞ የሚኖር ነው። በቅሎዎቻችን ብረት ጫማ አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ የሰኮናው ሥራ ቀላል ነበር፤ ጀርባቸው ግን ሁልጊዜ በጭነት ይላጣል። መንገደኛው ለእንስሳቱ ድርቆሽና ገብስ ይገዛል፣ ማደሪያም ይከፍላል። የራሱ እንስሳ የሌለው ደግሞ ይከራያል። ለአንድ ሲራራ መንገድ ያደርበት የነበረ ገበሬ ያለ ንግድ ገንዘብ ያገኘው በዚህ ነበር።

በሬም ይከራይ ነበር። ከክፉ ቀን በኋላ ጥንድ በሬ ያለው ገበሬ ጥቂት ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ አብረው ያርሳሉ፤ ምንም የሌለው በሬ ተከራይቶ በመኸር እህል ይከፍላል። ነጋዴው ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከብት የሚገዛበት ብር አለው፣ ከብቱን የሚያሰማራበት መሬት ግን የለውም። ስለዚህ ላሙን ወይም በጎቹን ለገበሬ ለርቢ ይሰጣል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ፤ ወተቱ ለጠባቂው ነው። እንዲህ ሆኖ የሙስሊሙ ላም በክርስቲያኑ ግጦሽ ላይ ትውላለች፤ የክርስቲያኑ ልጅ በሙስሊሙ ላም ወተት ያድጋል። ስለ መቻቻል ብዙ ንግግር እንሰማለን፤ እኔን የሚያሳምነኝ ግን ይህች ላም ናት። በወረቀት የተጻፈ ውል አልነበራቸውምና ላሟን ያገናኛቸው መተማመን ብቻ ነበር።

መተማመን ስል ዋስን ማንሣት አለብኝ። በከብት ተራ ዋነኛው ነገር ዋጋው አይደለም፤ ከብቱ የማን ነው የሚለው ነው። የተሰረቀ በሬ የገዛ ሰው ባለቤቱ ቢደርስበት ራሱ እንደ ሌባ ይቆጠራል። ስለዚህ ሻጩ ዋስ ይጠራል። ዋሱ በገበያው የታወቀ፣ ነገ ቢፈለግ የሚገኝ ሰው መሆን አለበት። አሁን አስቡት፤ አገር የለውም የተባለ ሰው፣ ርስት የሌለው ሰው፣ በዚያ ገበያ «እኔ አውቀዋለሁ፣ በኔ ይሁን» ብሎ ሲናገር ቃሉ ይሰማ ነበር። መሬት ያልሰጠውን ስፍራ ቃሉ ሰጠው። በእኔ አስተያየት አባቶቻችን በዚያ ገበያ ከሸጡት ሁሉ ውዱ ጨውም በቅሎም አልነበረም፤ ይህ ቃል ነበር። ገበያው የአንድ ወገን ብቻ አለመሆኑንም ላስታውስ፤ ክርስቲያን ነጋዴዎችም ነበሩ፣ ቁጥራቸውም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ ሄዷል።

ስለ ሥጋ አንድ ነገር ልበል። በዚያ ገበያ እንደ ዛሬው ሥጋ ተሰቅሎ አይሸጥም ነበር፤ ቢሸጥም ለአንድ ወገን ብቻ ነበር። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን አይበላም፣ ቤተ እስራኤሉም ለብቻው ያርዳል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሙክቱን ከነነፍሱ ነድቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ቆዳው ግን ተመልሶ ገበያ ይመጣል፤ ቆዳ ላይ ደግሞ ማንም «ማን አረደው» ብሎ አይጠይቅም። ሥጋው ለየብቻ፣ ቆዳው ለጋራ ነበር። ቆዳውን ሰብስቦ ወደ ባሕር የሚልከውም በአብዛኛው ነጋዴው ነው።

የሚያኮራውን ብቻ ጽፌ ብተው ግን ታሪክ አይሆንም። በዚያ ዘመን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በነበረው ንግድ ሰውም ይሸጥ ነበር። በጎንደር በኩል ወደ መተማና ወደ ባሕር የተነዱት ባሪያዎች ብዙዎች ናቸው። ክርስቲያኑ ባሪያ መግዛትና መያዝ አይከለከልም፣ በባሪያ መነገድ ግን በሕጉ የተነወረ ስለ ነበር ንግዱ በብዛት በሙስሊሞች እጅ ወደቀ። ክርስቲያን ነጋዴም፣ መኳንንትም ከትርፉ እጃቸው አልጸዳም። «ዘመኑ እንደዚያ ነበር» ብለን የምናልፈው ከሆነ፣ ባሪያን ነጻ ማውጣትን ከታላላቅ የጽድቅ ሥራዎችና ከኃጢአት ማካካሻዎች አንዱ ያደረገውን ሸሪዓ ዘንግተናል ማለት ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆንና በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዐዋጅ ሲወጣ ንግዱ መድከም ጀመረ፤ ፈጽሞ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከእነዚያ ሰዎች የተወለዱ ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ከፊሉም ከእኛ ጋር በአንድ ሰፍ ይሰግዳሉ። ዘር እየጠቀሱ በጋብቻ የሚያንጓጥጡ ሰዎች ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የሲራራውን ገበያ የዘጋው መኪና ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከጎንደር በደባርቅ በኩል በሊማሊሞ ገደል ላይ ጥምዝምዝ መንገድ ቆፍሮ ወደ አክሱምና ወደ አሥመራ አገናኘ። ያ መንገድ ለጦር የተሠራ ነበር። ከደባርቅ አጠገብ በወልከፊት የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ መንገዱ ግን ቀረ። በቅሎ ብዙ ቀን የምትሄድበትን ጭነት ካሚዮን በአንድ ቀን አደረሰው። ጣሊያን ሙስሊሙን በማቅረብ መስጊድ አሠርቷል፣ ቃዲም ሾሟል። ለእኛ ፍቅር ብሎ ያደረገው ሳይሆን ሕዝቡን ለመከፋፈል መሆኑን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

የመሬቱ ጥያቄ እስከ አብዮቱ ቆየ። በንጉሡ ዘመን በመንግሥት አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበርን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሙ ከክርስቲያን ደጋፊዎቹ ጋር ሰላማዊ ሰልፍ ሲወጣ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል ብሎ ጠየቀ፤ በዓሎቻችን በብሔራዊ ደረጃ እንዲከበሩ፣ መሬት የመያዝ መብትም እንዲሰጠን ከጥያቄዎቹ መካከል ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን ሻረ። ደርግ በሌላው ነገር ያደረገብንን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚህ ዐዋጅ ግን ርስት የለህም የሚለው ቃል ከሕግ ወጣ።

ወደ ግጭ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም ግጭ በፓርኩ ክልል ውስጥ ገባች። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ኋላ ግን በሰውና በከብት ብዛት አደጋ ላይ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። በመጨረሻም የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ገደማ መንደራቸውን ለቀው በደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያው መልካም ሆኖለታል። ከመሬትና ከገብስ ጋር የኖሩት ሙስሊሞች ግን፣ ርስት ከተሻረ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ መሬታቸውን ትተው ወደ ገበያው ከተማ ወረዱ። ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ በጁምዓ ከጎናችሁ የሚቆሙ ናቸው።

በቅሎም ከደባርቅ አልጠፋችም። ወደ ተራራው ለሚወጣ ጎብኚ ጭነት የምትሸከመው፣ የደከመውንም የምታስቀምጠው እርሷ ናት፤ ባለ በቅሎዎቹ ተደራጅተው በተራ ያከራያሉ። መንገዱና ቀኑ ታውቆ፣ ዋጋው ተቆርጦ የሚደረግ የበቅሎ ኪራይ ሐላል ስለ መሆኑ አራቱም መዝሀቦች አይለያዩም።